ቴፑ ያልያዘው ጠዋት

ሰኞ

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ይበቃኛል» አለ። ሁሉም ሰው ፊት። እየሳቀ።

አቶ ግርማ ነው፣ አለቃችን። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው። እዚህ ግን ማንም አያየኝም፣ ስለዚህ «አለ» ብዬ ልጻፈው።

ቅዳሜና እሁድ የኢሜይሉ ሰርቨር ቆሞ ነው የከረመው። ጓዳ ውስጥ፣ ከመጥረጊያውና ከውሃ ጀሪካኖቹ አጠገብ ያለው ማሽን። ጠዋት ስገባ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እንደምንም አስነሳሁት፣ ግን ያለፈው ሳምንት ኢሜይል የለም። ባክአፕ፣ ማለት ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ አልነበረንም። እንግዛ ብዬ ስንቴ ነግሬዋለሁ። «ሲበላሽ እናያለን» ነበር መልሱ። ይኸው አየን።

አልማዝ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ዋለች። ቢሯችን እዚህ ዳላስ ዙሪያ ላሉ ሕመምተኞችና አረጋውያን ቤት ድረስ አስታማሚ ይልካል፣ የምትመድባቸው እሷ ናት፦ ማን ፕሌኖ ከተማ ይሂድ፣ ማን ማኪኒ፣ የማን እናት ከሆስፒታል ወጡ፣ የማን አባት ኢንሱሊን ይወጉ። ይሄ ሁሉ የሚመጣላት በኢሜይል ነው። አቶ ግርማ ለቤተሰቦቹ ሁሉ «ስልክ አትደውሉ፣ ኢሜይል ላኩልን፣ ዘመናዊ ሆነናል» የሚል ወረቀት በትኖላቸዋል። ስለዚህ ዛሬ አልማዝ እያንዳንዱን ቤት በስልክ «ባለፈው ሳምንት ምን ብላችሁን ነበር?» ስትል ድምጿ ተዘጋ። ማንም ሳይጎዳ ዋለ፣ ተመስገን።

ከምሳ በኋላ ስብሰባ ጠራ። እኔንና ቴዎድሮስን አስቆመን። ሌላው ሰው ተቀምጧል። «ሁለት የኮምፒውተር ሰው ቀጥሬ ኢሜይሌን የሚጠብቅልኝ አጣሁ» አለ። ከዚያ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ይቺ ከሱዳን የመጣች ሰሞን ኪቦርድ ስታይ ፒያኖ መስሏት ነበር» አለ። ሳቁ። አልፈርድባቸውም። እሱ ሲቀልድ ያልሳቀ ሰው እሁድ እሁድ ይመደባል። ደግሞ ውሸቱን ነው። ካርቱም ታይፒስት ነበርኩ።

ስለዚህ ውድድር ነው። እያንዳንዳችን የባክአፕ እቅድ ይዘን እንቀርባለን፣ እሱ ይመርጣል፣ የተሸነፈው ዕቃውን ይሰበስባል።

ወደ ቤት ቴዎድሮስ አደረሰኝ። የኔ መኪና ትራንስሚሽኗ ከሞተ ጀምሮ የሚያመላልሰኝ እሱ ነው። ሬዲዮ አልከፈተም። ስወርድ «ደህና እደሪ ሂሩትዬ» አለኝ፣ ልክ እንደ ሌላው ቀን። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የአፓርታማው ጎረቤቴ በላዬ ተራምዶ አለፈ።

ማክሰኞ

የኔ እቅድ ቴፕ ነው፣ የኮምፒውተር ነገር የሚገለበጥበት ካሴት።

— በየማታው ኢሜይሉ በሙሉ ቴፕ ላይ ይገለበጣል። ማሽኑ ራሱ ነው የሚሠራው፣ ሰው ማደር የለበትም።
— ለየዕለቱ የራሱ ቴፕ።
— የዓርቡ ቴፕ ከቢሮ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ቤቱ ቢቃጠል አብሮ እንዳይቃጠል።
— በየወሩ ከቴፑ መልሶ ማየት። ሳይሞከር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቴፕ ባዶ ይሁን አይሁን በምን ይታወቃል?

የቴዎድሮስ ደግሞ ሁለተኛ ዲስክ ነው። አንዱ ዲስክ ላይ የተጻፈው እዚያው በዚያው ሌላውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል፣ ማንም ሳያውቅ።

መደባበቅ አልቻልንም። ጠዋት መኪና ውስጥ እሱ ነው የጀመረው። «ያው እኔ ዲስክ ነኝ፣ አንቺስ?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ ሀይዌዩ ላይ መኪናው ተጨናንቆ ቆመን ተከራከርን፣ እንደ ጥንቱ፣ ደስ ብሎን።

«ሰው ተሳስቶ ዲሊት ቢያደርግስ?» አልኩት። «ያንተ ሁለተኛ ዲስክ እሱንም እኮ አብሮ ነው የሚገለብጠው። ሁለቱም ጋ ይጠፋል።»

«ያንቺስ? ማታ ገልብጠሽ በነጋታው ቀትር ላይ ቢበላሽ፣ የጠዋቱ የት አለ? ቴፑ ላይ የለም።»

እውነቱን ነው። የኔም እውነት ነው። ዲስክ ሲሞት የሱ ይሻላል፣ ሰው ሲያጠፋ የኔ። ሁለቱም ይበጃሉ።

ቢሮ ጋ ፓርክ ካደረገ በኋላ ሞተሩን ሳያጠፋ ትንሽ ቆየ። «ሂሩት፣ ለምን ሁለቱንም በአንድ አድርገን አናቀርብም? የሁለታችንም ስም ይኑርበት። ሁለታችንንም ሊያባርር አይችልም።»

እጅ ተጨባበጥን። ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ምሳዬን ሁሉ በላሁ።

ረቡዕ

አቶ ግርማ አልተቀበለም።

ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች እንኳ አላነበበውም። ሁለቱን ስም ጎን ለጎን አየና፣ «ተጋባችሁ እንዴ?» አለ። ከዚያ ወረቀቱን መሃል ለመሃል ቀደደው፣ ግማሹን ለቴዎድሮስ፣ ግማሹን ለኔ ሰጠን። «አንድ ሐሳብ ለማሰብ ሁለት ሰው ካስፈለገ፣ ሁለታችሁም ግማሽ ሰው ናችሁ ማለት ነው።»

ቴዎድሮስ ረጋ ብሎ ሊያስረዳው ሞከረ። አንዱ ለዲስክ ብልሽት፣ አንዱ ለሰው ስህተት። አቶ ግርማ እንደ ሕፃን ድምፅ አቅጥኖ ደገመለት፦ «ለሰው ስህተት።» ሁለቴ።

እኔን ደግሞ «አንቺ ቴፕ የወደድሽው ለዘፈን ነው?» አለኝ።

ተጨማሪ ነገር አለ። ከሚገባው ኢሜይል ሁሉ ወዲያው አንድ ቅጂ ሌላ ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ነገር ሰርቨሩ ላይ አለ። ምንም አይገዛበትም፣ እሱን ማብራት ብቻ ነው። ያ ቢኖር የቴፑም ቀዳዳ ይደፈን ነበር። ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «የኔንም ኢሜይል ቅጂ ልትይዢ? ማን ሆነሽ?» አለኝ። አለቀ።

ሁለቱንም ለሙከራ አስገቡ፣ ፈትኜ እመርጣለሁ አለ። የቴዎድሮስ ሁለተኛ ዲስክ ከአንድ አሮጌ ማሽን ተፈትቶ ወጣ። ቴፕ መገልበጫውን አንድ ሻጭ ለሙከራ ሰጥቶናል። አብረን ነው የገጠምነው። ቴዎድሮስ ብሎኖቹን ያዘልኝ። ባለፈው ወር ነው እሱና ሚስቱ ልጅ የወለዱት።

«መቼ ነው የሚፈትነን?» አለኝ።

«ደስ ባለው ሰዓት ይላል።»

የማታውን ቴፕ አስገብቼ ወጣሁ።

ሐሙስ

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ቴፑን ልቀይር ጓዳ ገባሁ። ገልብጧል፣ ምንም ስህተት የለም። ስክሪኑ ላይ የሚገቡት ኢሜይሎች የላኪዎቻቸው ስም እየተከታተለ ያልፋል፣ ቆሜ ትንሽ አየሁት። ማሽን ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል።

ከዚያ አቶ ግርማ መጣ፣ ፈገግ ብሎ። አልማዝን «እስቲ ሂጂና ዶናት ግዢልን፣ ዛሬ ግብዣ አለ» ብሎ አጎራባቹ ሱቅ ላካት። እንደወጣች ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ኢሜይሏን ከፍቶ ሁሉንም መረጠና ዲሊት አደረገው። ቆሻሻ መጣያውንም ባዶ አደረገ። ተነስቶ አጨበጨበ።

«ቤቱ ተቃጠለ! መልሱ እንግዲህ!»

አልማዝ ዶናቱን እንደያዘች በር ላይ ቆመች። ገብቷት ስትጮህ ድምጿ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። «የዛሬ ጠዋቱን ገና አላነበብኩትም! አቶ ግርማ፣ ገና አላነበብኩትም እኮ!»

«አይዞሽ፣ ጀግኖቻችን ይመልሱልሻል።»

መጀመሪያ ቴዎድሮስን ጠራው። ቴዎድሮስ ኪቦርዱን እንኳ አልነካም። «ሁለቱም ዲስክ ላይ ጠፍቷል። ይሄንኑ ነው የነገርኩዎት» አለ። ነግሮት ነበር፣ ሁለታችንም ነግረነው ነበር። አቶ ግርማ ቁልፉን ተቀበለው። የመታወቂያ ባጁንም። የልጁን ፎቶ ከጠረጴዛው ሲያነሳ «ፍሬሙ የቢሮ ነው» አለው። ቴዎድሮስ ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ወጣ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም። እኔም ጭምር።

ከዚያ የኔ ተራ። «ቴፑን ከመመለሴ በፊት ዲስኩ ላይ ልፈልግ። አሁን የጠፋ ነገር ሌላ ካልተጻፈበት ሊገኝ ይችላል» አልኩት። ሰዓቱን እያየ «እየቆጠርኩ ነው» አለኝ። «የጠዋቱ ግን…» «እየቆጠርኩ ነው አልኩሽ።»

መለስኩት። ቴፑ ዞረ፣ ዞረ፣ የአልማዝ ኢሜይሎች አንድ በአንድ ተመለሱ። እስከ ትናንት ማታ። ሰዎቹ አጨበጨቡልኝ። እሱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ፒያኖዋ!» አለ። አንድ ዶናት ሰጠኝ።

በላሁት። ምን ላድርግ፣ እያየኝ ነበር።

የዛሬ ጠዋቱ የለም። «እባክዎ ለቤተሰቦቹ ይደወልላቸው፣ ዛሬ ጠዋት የላኩት ነገር ካለ እንጠይቅ» አልኩት። አልማዝም ለመነችው። «በአንድ ሳምንት ሁለቴ ኢሜይላችን ጠፋ ብዬ ልናገር? ጉድ ይታይ! አስቸኳይ ከሆነ ራሳቸው ይደውላሉ።» ወረቀት በትኖ አትደውሉ ያላቸው እሱ ነው።

ስወጣ እንዴት ቤቴ እንደምደርስ አላሰብኩም ነበር። ቴዎድሮስ ፓርኪንጉ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት፣ ከረፋድ ጀምሮ። «በምን ትሄጃለሽ ብዬ ነው» አለኝ።

ዓርብ

ከማኪኒ ተደወለ።

ሚስስ ሆልት ይባላሉ፣ ከደንበኞቻችን አንዷ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዳሌያቸውን ተሰብረው ሆስፒታል ከርመው ነበር። ትናንት ቀትር ላይ ወደ ቤት መለሷቸው። ልጃቸው ካረን ለሥራ ሌላ ስቴት ነበረች። ሐሙስ በማለዳ «እማዬ ዛሬ ቀትር ላይ ትወጣለች፣ እኔ ዓርብ እስክደርስ ሰው አይለያት» ብላ ኢሜይል ላከችልን። እንዳልናት አደረገች።

ማንም አልሄደም።

ቤቱ ተዘግቶ ስለከረመ የአየር ማቀዝቀዣው ጠፍቷል። ሴትዮዋ ሽንት ቤት ልሂድ ሲሉ ወደቁ። መነሳት አልቻሉም። ስልኩ ግድግዳው ላይ ነው። ኦገስት ነው፣ በዚህ ሙቀት ውሻ እንኳ ውጭ አይታሰርም። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ስትገባ ምንጣፉ ላይ ነበሩ። በሕይወት አሉ። ኩላሊታቸው ግን እምቢ ብሏል ይላሉ።

አልማዝ ስልኩን ዘግታ መጥታ ነገረችኝ። ፊቷ አመድ ሆኗል። ሆልት የሚለውን ስም አውቀዋለሁ። አይቼዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ስክሪኑ ላይ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ ኬ ሆልት። ቆሜ ማሽኑን ሳደንቅ። ከዚያ በኋላ አንዴ እንኳ ትዝ አላለኝም። ዶናት ስበላ ትዝ አላለኝም።

አቶ ግርማ ሁለታችንን ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። የተጨነቀ መስሎኝ ነበር። አልተጨነቀም። «ኢሜይሉ አልመጣም» አለ። «ኢንተርኔት ነው፣ መንገድ ላይ ይቀራል። የምንለው ይሄንኑ ነው። አልማዝ?»

«እሺ።»

«ሂሩት?»

ዝምታዬን እሺ ነው ብሎ ያዘው።

አንዴም «ሴትዮዋ እንዴት ሆኑ?» አላለም። ይቺን ነገር ብቻ ነው እያሰብኩ የዋልኩት።

ቅዳሜ

ካረን መጣች።

ቅዳሜ እስከ ምሳ ነው የምንሠራው። ረጅም ሴት ናት፣ ሸሚዟ የትናንት መሰለኝ፣ ፀጉሯን አላበጠረችም። አልጮኸችም። ትጮህብናለች ብዬ ነበር የፈራሁት። እንደ ማንኛውም ደንበኛ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆማ፣ «አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃችሁ፣ ኢሜይሌ ደርሷችኋል?» አለች።

አቶ ግርማ ከቢሮው ወጣ። ሁለት እጇን ያዘ። ምን ያህል እንዳዘነ ነገራት፣ እኔም እናት አለኝ አላት። «በጣም ያሳዝናል፣ አልደረሰንም። ቴክኖሎጂ ነው መቼም» አለ። ወደ አልማዝ ዞረ። አልማዝ መሬት መሬት እያየች «አልደረሰንም» አለች። ሦስት ልጆች አሏት፣ ባሏ ታክሲ ይነዳል፣ አንድም ቀን ዋሽታ አላውቅም።

ካረን ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ነሽ የኮምፒውተሩ ሰው?»

አቶ ግርማ ፈገግታውን ሳያጠፋ በአማርኛ ያወራኝ ጀመር። ድምፁ የሚያጽናና ይመስላል። ካረን የሐዘን ቃል እየተናገረ ሳይመስላት አልቀረም፣ አንገቷን ነቀነቀችለት።

«ያቺን አፍሽን ዝጊ። ሥራ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ከዚህ ብትወጪ ዳላስ ውስጥ የሐበሻ በር እንዳይከፈትልሽ አደርጋለሁ። አሮጊቷ እንደሆነች ያው ልትሞት ነው፣ አንቺ ብትናገሪ አትድንም። ፈገግ በይላት አሁን።»

ፈገግ በይላት ሲል ነው የወሰንኩት መሰለኝ። ሌላው ሁሉ ያስፈራ ነበር፣ ያ ግን አላስፈራኝም፣ አንገፈገፈኝ።

«ደርሶናል» አልኳት በእንግሊዝኛ። «ሐሙስ ጠዋት ደርሷል፣ ስምሽን አይቻለሁ። ከዚያ አለቃችን የባክአፕ ፈተና ብሎ ሆን ብሎ አጠፋው። ማንም ሳያነበው። ለቤተሰቦቹ እንደውል ብለን ለምነነው ነበር። እምቢ አለ።»

ካረን አፏን በእጇ ያዘች። «ፈተና?» አለች። «ለፈተና?»

ሌላ ምንም አላለችም፣ ይሄንኑ ደጋገመችው። ከዚያ ጠበቃ ፊት ትደግሚዋለሽ ወይ አለችኝ፣ አዎ አልኳት። ቦርሳዬን አንስቼ አብሬያት ወጣሁ። አቶ ግርማ ከኋላዬ ምን እንዳለ አልጽፈውም።

መኪና ስለሌለኝ እሷው ቤቴ አደረሰችኝ። ስወርድ ይቅርታ ልላት ፈለግኩ፣ ቃሉ አነሰብኝ። የእናትሽ ስም ማነው አልኳት። ማርጋሬት።

እሁድ

አልማዝ ቅዳሴ ላይ አጠገቤ ነበረች፣ ስታየኝ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ፊት ሄደች። ከሰዓት ስልክ ደወለች። «አንቺ ልጅ የለሽም» አለችኝ። «አንቺ ምን አለብሽ? ቢሮው ቢዘጋ እኔ ልጆቼን ምን ላበላ ነው? ውሸታም አደረግሽኝ፣ ያውም ፈረንጅ ፊት።» እያለቀሰች ዘጋችው። እውነቷን ነው፣ ልጅ የለኝም።

ቴዎድሮስም ደውሎ ነበር። ጠበቃው ዘንድ አብሮኝ እንደሚቀርብ ነገረኝ። ሥራ ለመፈለግ ነገ ፎርት ወርዝ ከተማ ድረስ ሊነዳ ነው፣ አብረን እንሂድ አለኝ።

ወደ ማታ ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ በየነ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ። ከሳቸው ጋር የአቶ ግርማ ሚስት ወንድም አለ። ሽማግሌ ተላከብኝ ማለት ነው። ወንበር አቀረብኩ፣ ውሃ ቀዳሁ። የሚስቱ ወንድም ነው ያወራው፣ ጋሽ በየነ አዳመጡ። ወገንሽን ለፈረንጅ አሳልፈሽ አትስጪ። ስንት የሐበሻ ልጅ እዚያ ቢሮ እንጀራ ይበላል። ተሳስቼ ነው በይ፣ አላየሁም ነበር በይ፣ አንድ ቃል ናት። ግርማም ይቅር ይልሻል፣ ሥራሽም ይመለሳል።

ይቅር ይልሻል አለ።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ያየሁትን አላየሁም አልልም።»

እንደገና ጀመረ። እንደገና እንደዚያው አልኩ። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል ጋሽ በየነ እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉና «በቃ፣ ሰምተናል» አሉ። ሰውየው ተቆጥቶ ቀድሟቸው ወረደ። የመኪናውን በር ሲወረውረው እዚህ ድረስ ተሰማ።

ጋሽ በየነ ቀስ ብለው ነው የሚነሱት፣ ወገባቸው አይታዘዝላቸውም። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አሁን ሊመክሩኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ።

«ሴትየዋ እንዴት ዋሉ?» አሉኝ።

ከዓርብ ጀምሮ ከእኛ ሰው ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከቅዳሴ ስመለስ ካረን ጋ ደውዬ ነበር። ዓይናቸውን ገልጠዋል፣ ልጃቸውን በስሟ ጠርተዋታል፣ ውሃ በማንኪያ ወስደዋል። ኩላሊታቸው ገና አልታወቀም፣ ሐኪሞቹ ነገ እናያለን ብለዋል። ይሄንኑ ነገርኳቸው።

«ስማቸውን ንገሪኝ እስቲ። ስም ሳልይዝ መጸለይ አይሆንልኝም።»

«ማርጋሬት።»

«ማርጋ…?»

«ማርጋሬት፣ ጋሽ በየነ።»

«ማርጋሬት» አሉ። የብረቱን መደገፊያ ይዘው ወረዱ፣ በየደረጃው ቆም እያሉ፣ እንዳይጠፋቸው ስሙን እየደጋገሙ። መኪናው እስኪነሳ በሩን አልዘጋሁም።